የጋሽ አንለይ ነጭ ሰሃን

ጋሽ አንለይ ማረፋቸውን የሰማሁት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። የነገረችኝ ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብሰው ዘይነባ ናት። ስልኩን አንስቼ ደህና ነሽ ወይ ስላት ስለ ልጆቿ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡሬ ገበያ ብዙ አወራችኝና ቆይታ «ጋሽ አንለይን ቀበርናቸው እኮ» አለች። ለምን ቶሎ እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «መንገዱ ዝግ ነው። ብነግርህ እዚያ ባሕር ዳር ተቀምጠህ ተመንገብገብ በቀር ምን ታደርጋለህ ብየ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ግን ተናደድኩባት። ስልኩን ዘግቼ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ አብረን ያሳለፍነውም አምስት ዓመት ብቻ ነው።

ሐይቅ እላለሁ እንጂ ግድብ ነው። ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣ ብሎ፣ ለመስኖ ተብሎ ወንዝ የተገታበት ቦታ ነው። ዓሣ ተጨምሮበት፣ ዛፍ በቅሎበት፣ ሰው ለምዶት ሐይቅ ሆነ። እሑድ እሑድ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ሰው ሊዝናና ይመጣል። ተማሪዎች ፎቶ ይነሳሉ፣ ሙሽሮች በጀልባ ይዞራሉ፣ በመጨረሻ ሁሉም በዘይነባ ዳስ ሥር ተሰብስቦ ዓሣ ይበላል። ዓሣ ማን ባረከው ተብሎ የማይጠየቅ ሥጋ ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ትሪ ነው የሚያነሳው።

ጋሽ አንለይ የግድቡን የውሃ በር ለብዙ ዓመት ሲከፍቱና ሲዘጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ከሥራው ወጡ እንጂ ከውሃው አልወጡም። ረጅም ናቸው፤ ደረቅ መሬት ላይ እንኳ ጭቃ እንደሚሻገር ሰው ጉልበታቸውን ከፍ እያደረጉ ነው የሚራመዱት። ከካኪ ካፖርታቸው ኪስ ጠመኔ አይጠፋም። ሲያወሩ ደግሞ የሰው ትከሻ መያዝ ይወዳሉ። ስለዚህ እሑድ ከሐይቁ የሚመለስ ሰው ትከሻው ላይ አምስት ነጭ ጣት ካለ ከማን ጋር ሲጨዋወት እንደዋለ ሚስቱ ሳትጠይቅ ታውቃለች።

ጠመኔው ለሰሌዳ ነው። ሰሌዳ የምለው ከአሮጌ መጋዘን የተነቀለ የእንጨት በር ነው። ጥቁር ቀለም ቀብተው ዋርካው ሥር አቁመውታል። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ስለነበሩ የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሐይቁንም የሰፈሩንም ወሬ ይጽፉበታል። አንዱን ፎቶ አንስቼው ስለነበር እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ፦

«ውሃ፣ ቀይ። ሰሃን፣ አንድ ቋጠሮ። ነፋስ ከቀትር በኋላ ይነሳል፤ በጀልባ መዞር የፈለገ ከዚያ በፊት። ቆሮሶ ዓሣ በሣሩ ዳር፣ በማለዳ። አምባዛ የትም። የወንዙ አፍ ዝግ ነው። የጠፋችው የአለምነሽ ጥጃ ማንኩሳ መንገድ ላይ ተገኝታለች። የሚቀጥለው ሰንበቴ የአቶ ጥሩነህ ተራ ነው። አንድ እግር ጫማ የረሳ ሰው ዘይነባን ይጠይቅ።»

በቃ ይኸው ነው፤ ቅመም የለውም። ያላዩትን አይጽፉም። የግድ የሰው ወሬ መጻፍ ካለባቸው «ያየ ሰው ነግሮኛል» የሚል ይጨምሩበታል። በጽጌ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር በየዓመቱ ዳሱ ሥር ይነሳል። አንድ ጊዜ ሁለት መምህራን ጭቅጭቁን ሰሌዳው ይፍረደን ብለው መጡባቸው። ጋሽ አንለይ ብዙ አሰቡና «ስለ ጾም የሚጠየቁት ቄስ ናቸው። እኔ የማውቀው ውሃውን ነው» ብለው ጻፉ።

የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር ደሳለኝ ይባላል። ጎበዝ ነው፣ ቸኩሎ የተወለደ ግን ነው። አንድ እሑድ ከቡሬ ሁለት አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ እንደሚመጣ ተደውሎለት በሩጫ መጣና «ጋሽ አንለይ፣ ዛሬስ ዓሣ ሞልቷል ብለው ይጻፉልኝ» አለ። በዚያ ሳምንት ዓሣ ጠፍቶ ነበር። ጋሽ አንለይ ቀና ብለው አዩትና ጠመኔያቸውን አወጡ። «ዓሣ የለም። እንግዶች ግን እየመጡ ነው» ብለው ጻፉ። ደሳለኝ ራሱን ያዘ። የቡሬ ሰዎች ሲደርሱ ሰሌዳውን አንብበው በሳቅ ፈረሱ፤ ዘይነባ ሽሮ ሠራችላቸውና እየሳቁ በልተው ሄዱ። በሚቀጥለው ወር ተመልሰው መጥተዋል።

እኔ ከደሴ የወረዳው የዓሣ ባለሙያ ሆኜ ስመጣ ከቢሮ የተሰጠኝ የውሃ ጥራት መለኪያ ነበረኝ። በጥቁርና በነጭ የተቀባ ክብ ብረት፣ ረጅም ገመድ ያለው። ወደ ውሃው ስታወርደው ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት የውሃውን ጥራት ይነግርሃል። መሣሪያዬን ይዤ ወደ ውሃው በገባው የእንጨት መረማመጃ ላይ ስወጣ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የቆርቆሮ ሰሃን በሲባጎ አስረው ወደ ውሃው እያወረዱ ነው። ሲባጎው በየስንዝሩ ተቋጥሯል። እሳቸው አንድ ቋጠሮ ከግማሽ አሉ። የኔን ሳወርድ እኩል መጣ።

«ያንተ ሰሃን ምሳ ይበላበታል?» አሉኝ።

«አይ፣ መለኪያ ነው።»

«የኔው ሁለቱንም ይሠራል» አሉና ሰሃኑን አለቅልቀው ዘይነባ ዘንድ ዓሣ ሊያስቀምጡበት ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ወሎየው ሆነ። መሣሪያዬም ብዙ ጊዜ ቢሮ ይውላል።

ሰሃኑ ጨዋታ አልነበረም። የዚያ ሐይቅ ሕግ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ሲገባ ውሃው ይቀላል፤ በዚያ ጊዜ ዓሣው ለመራባት ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት ቦታ ይታጨቃል። እዚያ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ጠዋት የሳምንት ዓሣ ያወጣል። እኔ ሳልመጣ በፊት አንድ ዓመት እንዲህ ሲያወጡ ከርመው በሚቀጥለው ዓመት ሐይቁ ባዶ ቀርቶ ነበር። ያኔ ጋሽ አንለይ ዓሣ አጥማጆቹን ሰብስበው ክረምት ከገባ ጀምሮ ሰሃኑ ሁለት ቋጠሮ ላይ እስኪታይ ድረስ የወንዙ አፍ ዝግ ይሁን አሉ። ሁለት ቋጠሮ አንድ ክንድ ማለት ነው። ውሃው ያን ያህል ሲጠራ ጫጩቶቹ ተበትነዋል፣ እናቶቹም ወጥተዋል። የመንግሥት ወረቀት የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፤ ወረቀቱን ያነበበ ሰው አላውቅም። ሁሉም የሚያከብረው የጋሽ አንለይን ቃል ነበር። እሳቸው መረማመጃው ጫፍ ላይ ተንበርክከው «ጠፋ» ሲሉ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ይሰማል፤ የሚከራከር የለም።

የሚከራከር አለመኖሩ ነው ኋላ ጉድ የሠራን።

በመጣሁ በአራተኛው ዓመት ነው። ክረምቱ ወጣ፣ አደይ ፈነዳ፣ መስቀል አለፈ። ብዙውን ጊዜ ጥቅምት መግቢያ ላይ ውሃው ይጠራል። በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ጋሽ አንለይ ሰሃኑን አወረዱና በአንድ ቋጠሮ ላይ «ጠፋ» አሉ። ሰሌዳው ላይም «የወንዙ አፍ ዝግ ነው» ተባለ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሰሃኑ ታየኝ። ፀሐይ ነው እንዲህ የሚያደርገው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛው እሑድም አንድ ቋጠሮ። ሰሃኑ ከነሰማያዊ ጠርዙ ውሃው ውስጥ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ዞር ብዬ ሰዎቹን አየሁ። ሁሉም ያያሉ፣ ሁሉም ዝም ብለዋል።

ኋላ ስንጠያየቅ እያንዳንዱ የራሱ ምክንያት ነበረው። አንዱ ዘንድሮ ዓሣው ዘግይቶ ነው የወለደ፣ ጋሽ አንለይ ያወቁት ነገር ቢኖር ነው ብሏል። ሌላው ነሐሴ ላይ ተደብቆ መረብ የጣለ ሰው ስላለ እየቀጡን ነው ብሎ አምኗል። ዘይነባ ባለሙያው መክሯቸው ነው ብላ እኔን ስትረግም ሰንብታለች። እኔ ደግሞ ሽማግሌው ከመሣሪያ የሚበልጥ ልምድ አላቸው ብዬ ነበር። ትምህርቴን የማይጠቅም ቦታ ላይ አስቀምጬ ትሕትናዬን አወጣሁ። አሁን ሳስበው ትሕትና እንኳ አልነበረም፤ ፈርቼ ነው።

በዚህ መሀል የተጎዳው ሰው ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጥቅምትን ጠብቀው ነው የሚኖሩት። መረባቸው ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የሣሩ ዳር ዓሣ ለእሑድ እንግዳ እንኳ አይበቃም። የዘይነባ መጥበሻ እኩለ ቀን ሳይሆን ይቀዘቅዝ ጀመር። ደሳለኝ አንድ ቀን መንገድ ላይ ያዘኝና «አንተ ባለሙያ ነህ፤ ምነዋ ብትነግራቸው?» አለኝ። «አንተስ?» አልኩት። «እኔማ እንዴት ብየ እሳቸውን ተሳስተዋል እላለሁ?» አለ። ሁለታችንም ወደየሥራችን ሄድን።

ሦስተኛው እሑድ ላይም አንድ ቋጠሮ ሆነ። ያን ቀን ግን ጋሽ አንለይ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ሦስተኛውን መስመር ሁለተኛው ላይ ደረቡት። ፊደሎቹ ያምራሉ፣ ግን አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጧል። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያነባል፤ የሚነበብ ነገር ግን የለም። ለእኔ ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። ድፍርሱ ውሃው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ብቻቸውን አገኘኋቸው። ሰሃኑን እንድናይ ለመንኳቸው። መረማመጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሲባጎውን እኔ ያዝኩ። አንደኛው ቋጠሮ ውሃ ሲነካ «ጠፋ» አሉ።

«ጋሽ አንለይ፣ ለእኔ ገና አልጠፋም» አልኳቸው።

«እሽ፣ ልቀቀው እስቲ» አሉ። ሁለተኛው ቋጠሮ ገባ። «አሁንስ?» «ይታያል።» ሦስተኛው ገባ። «አሁንስ?» «ይታያል።» አራተኛው ሲገባ ነው ከዓይኔ የጠፋው። ሁለት ክንድ። ውሃው እኔ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲያ ጠርቶ አያውቅም።

እጃቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ፊታቸውን አበሱ። «ስንት እሑድ ሆነ?» አሉኝ።

«ሦስት።»

«ሦስቱንም እዚህ ነበርህ?»

«ነበርኩ።»

«ታይ ነበር?»

«አይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

እርስዎ ያወቁት ነገር አለ ብዬ ነው ስላቸው እኔኑ ራሴን አሳፈረኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ እኮ ዓይኔ እየደከመ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ። «ሲመሽ ነው የሚከብደኝ እያልሁ ነበር። ውሃው ከጠራ ሰው ይነግረኛል እያልሁ ነበር።»

እኔ መላ መፍጠር ጀመርኩ። እሑድ መጥተው አራት ብለው ይጻፉ፣ ሰው ውሃው በሳምንት ጠራ ይላል፣ ለሚቀጥለው ዓመት እኔ በጎን ቁጥሩን እነግርዎታለሁ አልኳቸው። የፈራሁት ለእሳቸው ክብር ብቻ አይደለም። ሕጉን የሚያስከብረው የእሳቸው ቃል ነው። ሦስት እሑድ በከንቱ እንደተጠበቀ ከታወቀ በሚቀጥለው ክረምት ጋሽ አንለይ ዝግ ነው ሲሉ ማን ይሰማል? አንድ ሰው መረብ ከጣለ ሁሉም ይጥላል፤ ሁለት ክረምት እንዲያ ከሆነ ደግሞ ዓሣው አለቀ። ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው።

ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝ። «አንተ በጎን እየነገርኸኝ እኔ አየሁ ልበል?» አሉ። «እንዲያ ከሆነማ እኔም ነሐሴ ላይ ተደብቆ መረብ ከጣለው ሰው በምን ተሻልሁ?» ሰሃናቸውን ጠቅልለው ተነሱ። ክንዴን ያዙኝ። በዚያ መረማመጃ ላይ ሰው ይዘው ሲሄዱ ያየሁት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

እሑድ ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ አንለይ በግራ እጃቸው ጣት የመስመሩን ቦታ እየለኩ፣ በቀኛቸው ቀስ ብለው ጻፉ፦

«ውሃ፣ ጠርቷል። ሰሃን፣ አራት ቋጠሮ፤ ያየ ሰው ነግሮኛል። የወንዙ አፍ ከዛሬ ጀምሮ ክፍት ነው። ሦስት እሑድ ዝግ ያደረገው የአንለይ ዓይን ነው። ይቅርታ።»

ወደ ሰዉ ዞረው «ሰሃኑን ያየ ሰው አለ?» ሲሉ ጠየቁ። ማንም አልተነፈሰም። «እየጠየቅኋችሁ ነው» አሉ።

«እኔ አይቻለሁ ጋሽ አንለይ» አለች ዘይነባ ከመጥበሻዋ ጀርባ። «ጠርዙ ሳይቀር።» ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ እኔም አለ። ከዚያ አንድ ሁለት እያለ ሁሉም እኔም፣ እኔም አለ። ጋሽ አንለይ በዚያ ሁሉ ዘመን የተቆጡት ያኔ ብቻ ነው ይላል ሰዉ። «ሕግ ያወጣነው ለዓሣው ነው፣ ለእኔ?» አሉ። «እኔን ፈርታችሁ ነው ስትጠብቁ የኖራችሁት? እኔ ነገ ስሞት ልትጨርሱት ነው?» ዘይነባ አለቀሰች። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር።

ንዴታቸው ሲበርድ አዲስ ነገር አዘዙ። ከእንግዲህ ሰሃኑን የሚያዩት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ደሳለኝና ዘይነባ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እነዚያ ሁለቱ ሰላምታ እንኳ ሳይጨቃጨቁ አይሰጣጡም፤ በዓሣው መጠን፣ በመረቡ ዓይን፣ በጀልባው ተራ ሁልጊዜ ይነታረካሉ። «ለዚያ ነው የመረጥኋችሁ» አሉ ጋሽ አንለይ። «አንዳችሁ ለአንዳችሁ አትራሩም። ሁለታችሁም ሁለት ቋጠሮ ሞላ ያላችሁ ቀን የወንዙ አፍ ይከፈታል። ካልተስማማችሁ ዝግ ነው።»

ለዓይናቸው ሐኪም ቤት ወስጃቸው ነበር። በቀዶ ሕክምና የሚመለስ አልነበረም። ሐኪሙ ሲነግራቸው «እንግዲህ ያየሁት ይበቃኛል» አሉና ሲወጡ ስለ በሩ ደፍ አስጠነቀቁኝ። በዚያ ዓመት ግማሽ ላይ ጨርሶ ጨለመባቸው።

የሚቀጥለው ጥቅምት ደረሰ። እኔ ወደ ባሕር ዳር መዛወሬን ሰምቻለሁ፤ የመጨረሻ እሑዴ ነበር። ሰው ሁሉ ልቡ ተሰቅሎ ነበር፤ የእኔ የበለጠ። በክረምቱ ማንም መረብ አልጣለም። ግን ክረምቱን መታገሥ አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ሊጠራ ጥቂት ሲቀረው መታገሥ ሌላ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ተሸክመው መጥተዋል። ከቡሬም እንግዳ አለ። ጋሽ አንለይ ዋርካው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምርኩዛቸውን አገጫቸው ሥር አድርገዋል።

ደሳለኝ ሰሃኑን አወረደና «ሁለት ሞላ» አለ። ዘይነባ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ተንበርክካ አየችና «የት አባቱ፣ አንድ ነው» አለች። «ሁለት ነው!» «አንድ ነው አልሁህ!» ጭቅጭቁ ጦፈ። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ መረቡን ከትከሻው አውርዶ መፍታት ጀመረ። ሌሎቹ አዩት። ያን ጊዜ ሕጉ እንደሚፈርስ ታየኝ።

ጋሽ አንለይ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል «ወሎየው አለ?» አሉ።

«አለሁ።»

«አንተስ ስንት አየህ?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሄጄ መረማመጃው ላይ ተንበረከክኩ፣ ሲባጎውን ከደሳለኝ እጅ ወስጄ ራሴ አወረድኩት። ተነስቼ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ «አንድ ከግማሽ ነው ጋሽ አንለይ። ሁለቱም ተሳስተዋል» አልኩ።

ደሳለኝ በጥርጣሬ ጎንበስ ብሎ እንደገና አየ። ዘይነባም አየች። ጭቅጭቁ አበቃ።

«እንግዲያ ጻፈዋ» አሉ ጋሽ አንለይ፤ ጠመኔውን ወደ ድምፄ ዘረጉልኝ። የኔ ጽሑፍ አስቀያሚ ነው። «ሰሃን፣ አንድ ቋጠሮ ከግማሽ። የወንዙ አፍ ዝግ ነው» ብዬ ጻፍኩ። መረቡን ይፈታ የነበረው ሰው ሰሌዳውን ቆሞ አነበበ። ወደ ውሃው አየ፣ ወደ ጋሽ አንለይ አየ። ከዚያ መረቡን መልሶ ጠቅልሎ መሬት አስቀመጠና ላዩ ላይ ተቀመጠበት። ሌሎቹም አንድ በአንድ አስቀመጡ።

«ምን አደረጉ?» አሉኝ ጋሽ አንለይ በዝግታ።

«መረባቸውን አስቀመጡ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አይተህ ነው?»

«አይቼ ነው» አልኳቸው።